ካሜራህ ፉል ፍሬም ነው?

"ስማ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ካሜራህ ፉል ፍሬም ነው ወይስ ክሮፕ?"

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩና ቁጥሩን አየሁት። ከሙያ ጓደኞቼ አንዱ እየቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። የሙሽሪት አጎት ናቸው። ጥር ላይ ሰርግ አለባቸው፣ ዋጋ እያጠያየቁ ነው። ስለ አልበሙ ጠየቁ። ስለ ቪዲዮው ጠየቁ። ድሮን እንዳለኝ ጠየቁ። ከዚያ ይቺን ጣል አደረጉ።

"ክሮፕ ነው ጋሼ" አልኳቸው።

"እህ..." ትንሽ ዝም አሉ። "የእህቴ ልጅ ጠይቅ ብላኝ ነው እንጂ እኔማ ምኑን አውቄው። በል እንግዲህ እንደዋወላለን።"

አልተደዋወልንም።

ይህ የሆነው ጥቅምት 2017 ላይ ነው። ሰርግ ማንሳት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሴንሰሬን፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራውን የካሜራ ክፍል፣ መጠን የጠየቀኝ ደንበኛ አልነበረም። "ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?" ይላሉ። "ፎቶውን መቼ ትሰጠናለህ?" ይላሉ፤ ይቺኛዋ ተገቢ ጥያቄ ናት፣ እኛ የፎቶ ሰዎች በቀጠሮ አንታማም። ፉል ፍሬም ግን አዲስ ነገር ነው። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ማታውን ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ።

ያለኝ ካኖን 70ዲ ነው። በ2009 ያገለገለ ገዛሁት። ሦስት ሌንስ አለኝ። የፊተኛው ቁጥር ሌንሱ ምን ያህል እንደሚያቀርብ ይነግራል፤ የኤፍ ቁጥር ደግሞ ባነሰ መጠን ብዙ ብርሃን ይገባል። አንደኛው 17-55 ኤፍ 2.8 ነው፣ አብዛኛውን ሰርግ የሚሠራልኝ እሱ ነው። ሁለተኛው 55-250፣ ከሩቅ ሰው ለመልቀም። ሦስተኛው ሁሉም ሰው ያለው 50 ኤፍ 1.8።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልበል። ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሆነ ካሜራ ነው። የድሮው የፊልም ጥቅል ላይ የአንዷ ፎቶ ልክ ማለት ነው። የኔው ክሮፕ 22.5 በ15 ነው። ብታባዙት ትልቁ ከትንሹ ሁለት ተኩል እጥፍ ይሰፋል። ክሮፕ ላይ ሌንሱ የሚያመጣው ምስል ያው ነው፤ ሴንሰሩ ግን መሃሉን ብቻ ቆርጦ ይወስዳል። ስለዚህ 50 የሚል ሌንስ ካኖን ክሮፕ ላይ የ80 ያህል አቅርቦ ያሳያል።

ትልቁ ለምን ውድ ሆነ? ሴንሰር የሚቆረጠው ከክብ የሲሊከን ሳህን ላይ ነው። እንጀራ አስቡ። ከክብ እንጀራ ላይ ትልልቅ አራት ማዕዘን ስትቆርጡ ዳር ዳሩ ይባክናል። ትንንሽ ስትቆርጡ እስከ ጠርዙ ትጠቀማላችሁ። ደግሞ አንድ ቦታ አረረ እንበል። ያረረው ያረፈበት ቁራጭ ይጣላል። ቁራጩ ትንሽ ከሆነ የጠፋው ትንሽ ነው፣ ትልቅ ከሆነ ግማሽ ምሳ ጠፋ። በዚያ ላይ ቅርጹን የሚያትመው ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያትመው ስፋት ቢበዛ 26 በ33 ሚሊ ሜትር ነው። 36 ሚሊ ሜትሩ አይገባለትም። ከፋፍሎ አትሞ መገጣጠም ግድ ይላል።

እንዲያም ሆኖ ዋጋው በዶላር ሲታይ ወርዷል። ካኖን በፈረንጆቹ 2002 የመጀመሪያውን ፉል ፍሬም ዲጂታሉን፣ 1ዲኤስን፣ ሲያወጣ 8,000 ዶላር ገደማ ነበር። በ2005 5ዲ መጣ፣ 3,299 ዶላር። በ2012 6ዲ 2,099 ሆነ፤ ኒኮንም በዚያው መስከረም ዲ600ን ይዞ መጣ። በ2013 ሶኒ ኤ7 በ1,699 ወጣ። በ2019 የካኖኑ አርፒ በ1,299።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች "ጠብቁ፣ ይረክሳል" የሚሉት ይህን አይተው ነው። ለነሱ ይረክሳል።

እኔ ግን ሒሳቡን ወደ ብር ቀየርኩት። 5ዲ በወጣ ጊዜ የባንክ ምንዛሪ 8 ብር ከ70 አካባቢ ነበር። 3,299 ዶላር ማለት 29 ሺህ ብር አይሞላም። አርፒ ሲወጣ ዶላር 28 ብር ገደማ ደርሷል፤ ካሜራው ወደ 36 ሺህ ብር። ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ በተቀመጥኩበት ሰሞን ደግሞ 120 አካባቢ ነበር። ያው አርፒ፣ ያው 1,299 ዶላር፣ 156 ሺህ ብር። አምስት ዓመት ያስቆጠረ ካሜራ በእኛ ኪስ ከአራት እጥፍ በላይ ተወደደ። ቀረጥ ገና አልታሰበም።

ስለዚህ "ጠብቅ" የሚለው ምክር ለኔ አይሠራም። "ዛሬውኑ ግዛ" የሚለውም ገንዘብ ላለው ነው። አዲስ ካሜራን ከደብተሩ ሰረዝኩ። ወደ ያገለገለ ዞርኩ።

ታላቅ እህቴ አትላንታ ነው የምትኖረው። ለገና ልትመጣ ነበር። ደወልኩላት።

"ያገለገለ የሚሸጡ ቤቶች ጋ ገብተሽ ዋጋ ላኪልኝ" አልኳት።

"ምን ያክላል? ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀድልኝ፣ አንዱ የእማዬ ነው።"

"በእጅ ሻንጣሽ ይገባል።"

"በእጅ ሻንጣዬ ያለው ደግሞ የእማዬ መድኃኒት ነው።"

የሻንጣ ቦታም ዋጋ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማንኛውም በሁለት ቀን ውስጥ በቴሌግራም ላከችልኝ። ደህና ይዞታ ላይ ያለ 6ዲ ቦዲ፣ ማለትም ካሜራው ያለ ሌንስ፣ 380 ዶላር። ለሱ የሚሆን 24-105 ኤፍ 4 ሌንስ 320 ዶላር። ያገለገለ አርፒ 650።

6ዲ ላይ ዓይኔ አረፈ። 700 ዶላር ከነሌንሱ፣ በባንክ ሒሳብ 84 ሺህ ብር። ፉል ፍሬም ሆንኩ ማለት ነው። የሚቀጥለው አጎት ሲደውሉ "አዎ ጋሼ" እላለሁ።

ሌንሱ ለምን ተጨመረ የሚል ካለ፣ የመጀመሪያው ወጥመድ እዚህ ነው። ከሦስቱ ሌንሶቼ ሁለቱ፣ 17-55ቱ እና 55-250ው፣ ኢኤፍ-ኤስ የሚባሉ ለክሮፕ ብቻ የተሠሩ ናቸው። 6ዲ ላይ ጭራሽ አይገጥሙም። ከኋላቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ የፉል ፍሬሙ መስታወት ደግሞ ትልቅ ስለሆነ ሲነሳ ይመታቸዋል። ካኖን እንዳይገጥሙ አድርጎ ነው የሠራቸው። የኒኮን ሰዎች እዚህ ላይ ይሻላሉ፤ የክሮፕ ሌንሳቸው ፉል ፍሬሙ ላይ ይገጥማል፣ ካሜራው ራሱ መሃሉን ቆርጦ ያነሳል። እኛ ጋ ቦዲ ቀየርኩ ማለት ሌንስም ቀየርኩ ማለት ነው። የሚተርፈኝ 50ው ብቻ።

እሱም ቢሆን ሥራው ይለወጣል። ክሮፕ ላይ 50ው እንደ 80 ስለሚሆን ለሙሽራ ፊት የሚመች ነው። አዲሱ 125 ዶላር የነበረ ሌንስ የፖርትሬት ሌንስ ሆኖልኛል። 6ዲ ላይ ያንኑ ያህል ከፈለግኩ 85 ኤፍ 1.8 ልግዛ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲሱ ከ400 ዶላር በላይ ነበር። በሌላ በኩል ሙሽሪት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስትለብስ 50ው በክሮፕ አይታሰብም። ጀርባዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እንኳ ከወገብ በላይ ብቻ ነው የምትገባው። 6ዲ ላይ ያንኑ ሌንስ ይዞ መሥራት ይቻላል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ የሰጠውን ሌላው ይወስዳል።

ከዚያ 70ዲን እና 6ዲን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ይህን ቀደም ብዬ ማድረግ ነበረብኝ። ሁለቱም 20.2 ሜጋ ፒክስል ናቸው። ሁለቱም ያንኑ ባትሪ ይጠቀማሉ፣ ያንኑ ኤስዲ ካርድ ይወስዳሉ። አዲስ ሲሆኑ 70ዲ 1,199 ዶላር፣ 6ዲ 2,099 ዶላር ነበሩ። የ900 ዶላር ልዩነት። ይህ 900 ዶላር የት ገባ ብላችሁ ብትፈልጉ ሴንሰሩ ውስጥ ነው የምታገኙት፤ ሌላው አብዛኛው እንዲያውም ተቀንሷል። 70ዲ 19 የፎከስ ነጥብ አለው፣ ሁሉም በአግድምም በቁመትም የሚያዩ ጠንካራ የመስቀለኛ ነጥቦች ናቸው። 6ዲ 11 አለው፣ መስቀለኛው የመሃሉ አንድ ብቻ። 70ዲ በሰከንድ 7 ፎቶ ያነሳል፣ 6ዲ 4 ተኩል። የ70ዲ ስክሪን ይገለበጣል፣ የ6ዲ አይገለበጥም። 70ዲ ቪዲዮ ሲቀርጽ ፎከሱን ራሱ ተከትሎ ይሄዳል። 6ዲ ላይ ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ ፎከሱን በእጃችሁ ነው የምታሳድዱት።

እኔ ብቻዬን ስሆን ፎቶም ቪዲዮም ነው የምሠራው። ስክስታ ላይ ያለች ሚዜን ፎከስ በእጅ ማሳደድ ሞክሩት።

የ6ዲን ውለታ ግን አልክድም። ያቺ የመሃሏ ነጥብ ጨለማ ውስጥ ታያለች። በጨረቃ ብርሃን ፎከስ ትይዛለች ይባልላት ነበር፤ ማጋነን አይደለም። የ70ዲ እዚያ ላይ ይደናበራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሰው ፉል ፍሬም የሚፈልገው በብዛት ለሁለት ነገር ነው። ለጨለማ፣ እና ጀርባው ደብዘዝ እንዲል። ሁለቱም የሚወሰኑት በሴንሰሩ ስፋትና በሌንሱ ቀዳዳ ነው። እና ብርሃኑን የሚያስገባው ሴንሰሩ ብቻ አይደለም፣ ሌንሱም ነው።

ሒሳቧን እንዳለች ከደብተሬ ልገልብጣት። 6ዲ ሴንሰሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ስለሚሰፋ፣ በአንድ ዓይነት አፐርቸር፣ ማለትም በአንድ ዓይነት የኤፍ ቁጥር፣ ሁለት ተኩል እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። ጎሽ። ግን እኔ የምገዛለት ሌንስ ኤፍ 4 ነው። አሁን ያለኝ ኤፍ 2.8 ነው። ኤፍ 4 የሚያስገባው ብርሃን የኤፍ 2.8ን ግማሽ ነው። ስለዚህ ካሜራው የሰጠኝን ሁለት ተኩል ሌንሱ ለሁለት ያካፍለዋል። የሚቀረኝ አንድ ከሩብ።

84 ሺህ ብር ለአንድ ከሩብ!

ደግሜ ሠራሁት። ያው ነው። እዚያው 17-55ቱ ክሮፕ ላይ በፉል ፍሬም ቋንቋ 27-88 ኤፍ 4.5 ማለት ነው። 24-105 ኤፍ 4 ከሱ የሚበልጠው በትንሽ ነው። ልዩነት ላየው ከፈለግኩ 24-70 ኤፍ 2.8 ያስፈልገኛል፤ እሱ ብቻውን ያገለገለው ከ6ዲው ቦዲ በላይ ነው የሚያወጣው።

ለብዙ ዓመት ሰው "ካሜራው ስንት ነው?" ሲል ነው የምሰማው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ያን ማታ ግን ጥያቄውን ቀየርኩት፤ ያው አዳራሽ፣ ያው አምፖል፣ ይህችን ያህል ብርሃን ለማስገባት ስንት ብር ነው የሚፈጀኝ? ቦዲና ሌንስ አንድ ላይ ተደምረው።

እንዲህ ስጠይቅ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8። በፈረንጆቹ 2013 የወጣ፣ ለክሮፕ ብቻ የተሠራ ሌንስ ነው። ዙም ሆኖ ከዳር እስከ ዳር 1.8 የሚከፈት ሌንስ ለእንዲህ ዓይነት ካሜራ ከሱ በፊት አልነበረም። አዲሱ 799 ዶላር ነበር። እህቴ ያገለገለውን በ410 አገኘችው። 49 ሺህ ብር ገደማ።

ኤፍ 1.8 ከኤፍ 4 አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። 6ዲ በሴንሰሩ ሁለት ተኩሉን ያስመልሳል። ሁለት እጥፍ ይቀራል። አያችሁ? ያ የናቁብኝ ክሮፕ፣ በዚህ ሌንስ፣ 6ዲ ከነ24-105ቱን በሁለት እጥፍ ብርሃን ይበልጠዋል። በ35 ሺህ ብር ረክሶ። እርግጥ 18-35 አጭር ናት፣ ከ105 ጋር አትደርስም። ከባድም ናት፣ ከ800 ግራም ታልፋለች። የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያም የላትም። ግን እኔ አዳራሽ ውስጥ የምቆመው ከሙሽሮቹ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሐሳቤ ቁርጥ ማለት ነበረበት። አንድ ጠዋት ግን አላስቆርጥ አለችኝ።

ጥር 2015 ላይ የተክሊል ሰርግ ነበረኝ። ተክሊል አንስታችሁ ካላወቃችሁ፣ ሌሊት ነው የሚጀመረው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ምንጣፉ ላይ በካልሲ ትቆማላችሁ። ዲያቆኑ "ፍላሽ የለም፣ ከዚህች መስመር አትለፍ" ይላል፤ ልክ ነው፣ ቅዳሴ ነው እንጂ ትርዒት አይደለም። ያለው ብርሃን ጧፍ እና ከላይ ያሉ ጥቂት አምፖሎች ናቸው። ያን ቀን አንድ የሙያ ጓደኛዬ 6ዲውን አውሶኝ ነበር። የኔን 70ዲ አንገቴ ላይ፣ የሱን በእጄ ይዤ ገባሁ። 50 ኤፍ 1.8ቷን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዛወርኩ ሠራሁ።

ቤት ስገባ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈትኳቸው። ሁለቱም በ6400 አይኤስኦ የተነሱ ናቸው፤ አይኤስኦ ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ምስሉን የሚያጎላበት ልክ ነው፣ ሲበዛ ነጠብጣብ ያመጣል። በ70ዲው የሙሽሪት ሹሩባ አንድ ላይ ተለጥፏል። በካባው ጥቁር ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ፈሷል። በ6ዲው ሹሩባዋ መስመር በመስመር ይቆጠራል። የአክሊሉ ጥላ ያረፈበት ግንባሯ የቆዳዋን ቀለም እንደያዘ ነው። የኛ ቆዳ ጥላ ውስጥ ሲገባ ደካማ ሴንሰር አመድ ያስመስለዋል፣ ይህን ለመልካችን የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። 6ዲው አመድ አላደረጋትም።

አልበሙ ላይ ታትሞ ሲመጣ ልዩነቱ ጠፋ ማለት ይቻላል። ለግድግዳ 60 በ90 ስናሳትም ግን ታየ። ቤተሰቡ የመረጠው ፎቶ የ6ዲው ነበር። ማንም ምን እንደሆነ አልነገራቸውም።

ስለዚህ "ልዩነት የለውም" ብዬ አልጽፍም። አለው። ያለው ግን ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ሌንስ ስታደርጉ ነው፣ እና ከዚያ በላይ የሚከፈት ሌንስ ሳይኖር ነው፣ እና ፍላሽ ሲከለከል ነው። ደብተሬን አገላብጬ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ጠዋት እንዳለኝ ቆጠርኩ። ሰባት። ከሰላሳ ምናምን ሥራ ሰባት።

አርፒን ቶሎ ልለፈው። እላዩ ላይ ልዩ አስማሚ ከተደረገ የድሮ ሌንሶቼ ሁሉ ይገጥማሉ፣ ይህ ያማልላል። ግን የክሮፕ ሌንሶቹን ሳደርግ 26 ሜጋ ፒክስሉ ወደ 10 ይወርዳል። ባትሪው ትንሽዬ ነው፣ የኔዎቹም አይገቡለትም። ቦዲ 650፣ አስማሚው 100፣ 24-105ቱ 320፣ ሁለት ትርፍ ባትሪ 100። 1,170 ዶላር፣ 140 ሺህ ብር። ሰርዤዋለሁ።

ያገለገለ ካሜራ ስለመግዛት ደግሞ አንድ ጠባሳ አለብኝ። በ2011 ሁለተኛ ቦዲ ያስፈልገኛል ብዬ ከአንድ ሰው ክሮፕ ገዛሁ። ላዩ ያብረቀርቃል፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላቀቀም። ሸተሩ፣ ለእያንዳንዱ ፎቶ የሚከፈትና የሚዘጋው የውስጥ መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደተመታ ስጠይቀው "አልተሠራበትም፣ የቤት ነው" አለኝ። አመንኩት። ሦስተኛው መልስ ላይ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ዶሮው ሊገነጠል እናቶች እልል እያሉ፣ ቀጭ አለና ቀረ። ስክሪኑ ላይ ስህተት የሚል ጽሑፍ። በኋላ ሳስመረምረው ከ180 ሺህ በላይ ተመትቷል። ላስቲኩ አዲስ የመሰለኝ የተቀየረ ስለሆነ ነው።

70ዲም 6ዲም ሸተራቸው 100 ሺህ ጊዜ እንዲያገለግል ተብሎ የተገመተ ነው። የኛ ሰርግ በቀን ቢያንስ 3,000 ፎቶ ነው። ከ33 ሰርግ በኋላ 100 ሺህ ሞላ ማለት ነው፣ አንድ ዓመት። እና ከተማው ውስጥ በርካሽ የሚሸጡት ፉል ፍሬሞች ከማን እጅ ነው የሚወጡት? ከኛው ከሰርግ አንሺዎች። ስለዚህ ቁጥሩን በፕሮግራም አስነብቡ እንጂ ላስቲክ አትዩ። የሻጩን ፊትም አትዩ።

የቀረው ኪራይ ነበር። ከተማ ውስጥ ፉል ፍሬም ከነሌንሱ የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ፣ በቀን 2,500 ብር ያስከፍለኛል። 84 ሺህ ለ2,500 ሲካፈል 33 ቀን ከምናምን። በዓመት ሰባት ጠዋት ካለኝ፣ ያን 6ዲ ለመግዛት የማወጣው ብር ወደ አምስት ዓመት ያከራየኛል። እኔ ብገዛው ደግሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ 55 ቀን ሻንጣ ውስጥ ይተኛል። ኪራይ አይተኛም፤ ሳልፈልግ አልከፍልም።

ችግሩ ጥር ነው። ጥር ላይ አከራዩ ስልክ አያነሳም። ዳግማይ ትንሣኤ ላይም እንደዚያው። ሁሉም ሰው የሚያገባው አንድ ሰሞን ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚከራየውም አንድ ሰሞን ነው። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ሆነ። ሙሽራ ቀብድ በከፈለኝ ቀን እኔም ለአከራዩ ቀብድ እከፍላለሁ። ቀኑን ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ቆሜ አያለሁ።

እህቴን ደውዬ የሲግማዋን ሌንስ አስገዛኋት። በገና ዋዜማ ከእማዬ መድኃኒት ጎን፣ በሁለት ካልሲ ተጠቅልላ ገባች። ሳትነግሩኝ ልናዘዝ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አናደደችኝ። በመሃሉ ነጥብ ጥሩ ትይዛለች፣ በዳር ነጥቦች ደስ ሲላት ነው። ሙሽሪትን ትቼ ከኋላዋ ያለውን መጋረጃ ጥርት አድርጌ ያነሳሁበት ጊዜ አለ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በረንዳ ላይ የበርበሬ ቆርቆሮ ደርድሬ የካሜራውን የፎከስ ማስተካከያ ስነካካ ዋልኩ። 70ዲ ይህ ማስተካከያ ያለው መሆኑ በጀኝ። እናቴ "ቆርቆሮዬን መልስ" እያለች ሁለቴ ወጣች። ከዚያ በኋላ አዳራሽ ውስጥ አይኤስኦ ከ1600 በላይ መውጣት እየተውኩ መጣሁ። በፊት በ17-55ቱ 4000 ነበር የምሠራው።

17-55ቱን አልሸጥኩትም። ቀን ቀን ይሠራል።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው ደወለ። ሙሽራው ራሱ ነው። ሰርጉ ጥር ላይ፣ ተክሊል አለ።

"ወንድሜ፣ በፉል ፍሬም ነው አይደል የምትሠራው?"

"ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ፉል ፍሬም ነው" አልኩት። "ከዚያ በኋላ ክሮፕ ነው።"

ዝም አለ። "ለምን?"

"ከ3 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ስላለች።"

ሳቀ። ቀብዱ ማታውን በስልክ ገባ፤ እኔም በማግስቱ ወደ አከራዩ ሄድኩ።